የእርሳስ ቧንቧዎቻችንን ስለመቀየር

ውድ ጎረቤቶች፣

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ እንሰብሰብ። የምንወስነው አንድ ነገር ነው፦ ከዋናው መስመር ወደየቤታችን የሚመጣውን የእርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረት) ቧንቧ ሙሉውን እንቀይር ወይስ ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን ብቻ?

እኔ ሙሉው ይቀየር ባይ ነኝ። ግማሹ ሲቆረጥ የቀረው አሮጌ ቧንቧ ይናጋል። ውስጡ የተጋገረው ቅርፊት ይረግፍና ውሃው ውስጥ ያለው እርሳስ ለጊዜው ጭራሽ ሊብስ ይችላል። ይህን ያህል ተቆፍሮ ለዚያ መሆን የለበትም።

ከመምጣታችሁ በፊት ቤታችሁ የሚገባውን ቧንቧ በሳንቲም ጫር አድርጉት። በቀላሉ ተጭሮ እንደ ብር ካብለጨለጨና ማግኔት ካልያዘው፣ እርሳስ ሳይሆን አይቀርም። ፎቶ አንሱና ይዛችሁ ኑ። ተከራዮች፣ አከራዮቻችሁን ከወዲሁ አነጋግሩ።

እስከዚያው ለመጠጥና ለምግብ ቀዝቃዛውን ውሃ ብቻ ተጠቀሙ፤ ሙቅ ውሃ እርሳስን ይበልጥ ያሟሟል። ጠዋት ስትከፍቱ ሌሊቱን ቧንቧው ውስጥ ያደረውን መጀመሪያ አፍስሱት። ማፍላት አይረዳም፤ ውሃው ይተናል፣ እርሳሱ ይቀራል። ጣዕምም ሽታም ስለሌለው ቀምሳችሁ አታውቁትም። በተለይ ለጨቅላ ዱቄት ወተት የምትበጠብጡና ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ እባካችሁ እርሳስ ለመያዝ የተፈተነ ማጣሪያ ተጠቀሙ። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ነው የሚጎዳው።

መምጣት አለመምጣታችሁንና የቧንቧችሁን ዓይነት እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ። መምጣት የማትችሉ ውሳኔያችሁን ጨምራችሁ ላኩ።