ይድረስ ለአባቴ፦ ስለ ማጀቴው ቤትና ስለ ቡፌው

ሐዋሳ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት ይዞዎታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ወንድሜ ሰሞኑን ደውሎ ነገረኝ። «ዛሬ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትልቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ይመጣል» የሚል ወሬ በስልክ ደርሶዎት፣ ጋቢዎን ደርበው ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲያነጉ አገኘዎት አሉ። በጥር ብርድ፣ በዚያ ሳል ላይ! በስልክ ላነሣብዎት ነበር፤ ግን እኔና እርስዎ በስልክ ስንነጋገር ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ድምፃችን ከፍ ይላል። ደብዳቤን ደግሞ መሀል ላይ አቋርጠው ሊቆጡት አይችሉም።

መጀመሪያ ይህን ልበል። ቀንና ሰዓት ቆርጦ የሚናገር ሰው ይዋሻል። ጃፓንም ሆነ አሜሪካ፣ ያን ያህል መሣሪያና ባለሙያ ይዘው፣ የመሬት መንቀጥቀጥ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ይደርሳል ብሎ መናገር አልተቻላቸውም። ሊታወቅ የሚችለው ቦታው ነው፤ የትኛው ምድር እንደሚንቀጠቀጥና የትኛው ቤት እንደሚወድቅ። ይህን ደግሞ ከእኔ ቀድመው እርስዎ አይተውታል።

በግንቦት 1953 መጨረሻ መንደራችሁ ማጀቴ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈራርስ የስምንት ዓመት እረኛ ነበሩ። ጎረቤቷ ካራቆሬ መጎዳቷን፣ የደሴው መንገድ መሰነጣጠቁን፣ ምድሩ ለወራት አላርፍ ማለቱን ስንት ጊዜ ነግረውናል! የባላባቱ የድንጋይ ቤት ወርዶ የእናንተ የሣር ጎጆ መትረፉንም እንደዚሁ። ታሪኩን ሁልጊዜ የሚደመድሙት «ግፉ ነው የጣለው» ብለው ነው። ግፉን አልክድም አባባ፤ ቤቱን የጣለው ግን ጭቃው ነው።

ምክንያቱን ልንገርዎት። ምድሪቱ ወደ ጎን ስትሄድ ከባድ ግድግዳ በነበረበት ሊቀር ይፈልጋል። ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ብቻ ነበር፤ ጭቃ ሸክም ይችላል እንጂ ሲጎትቱት ይለቃል። ስለዚህ ግድግዳው ተተረተረ። የእናንተ ጎጆ ደግሞ ወጋግራው ከማገሩ ጋር በልጥ የታሰረ፣ ክዳኑ ሣር፣ ሁለመናው ቀላል። ሲወዘውዙት ይወዛወዛል፣ ይንቋቋል፣ ተመልሶ ይቆማል። ሰውን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ መንቀጥቀጡ ራሱ ሳይሆን በላዩ የሚወርድበት ነገር ነው። የዚህ ደብዳቤ ዋና ጉዳይ ይህ ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን «ለምን እኛ ላይ?» ላሉት። የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም። በትላልቅ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ ፕሌት የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከሥራቸው ያለው አለት እጅግ ስለሚግል፣ ጠጣር ቢሆንም በዝግታ ይፈስሳል፤ እነርሱም በላዩ ይንቀሳቀሳሉ። ከእነዚህ ሦስቱ አፋር ላይ ይገናኛሉ፦ አብዛኛውን አፍሪካ የያዘው የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዐረቢያ ፕሌት። ዐረቢያ ስትርቅ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ተከፈቱ። አዲስ አበባና አንኮበር በኑቢያ በኩል፣ ሐረርና ባሌ በሶማሊያ በኩል ናቸው። ስምጥ ሸለቆው በመካከላቸው እየሰፋ ያለው ክፍተት ነው። ፍጥነቱ በዓመት አምስት ወይም ስድስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ማጀቴ ከፈረሰች ወዲህ ያለውን ብናሰላው ስንዝር ተኩል ገደማ ይሆናል። በእርስዎ ዕድሜ ስንዝር ተኩል! ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ።

መሳቃቸው ግን ልክ አይደለም፤ ምድሪቱ ሁልጊዜ በዝግታ አትሄድምና። ላይኛው አለት ደረቅ ስለሆነ እየተጎተተ ይታገሣል፣ ጉልበት ያጠራቅማል፣ ከዚያ በአንድ ቅጽበት ይለቃል። ደረቅ ጭራሮ ጉልበትዎ ላይ አድርገው ሲሰብሩ እንደሚሆነው ማለት ነው፤ ይጎብጣል፣ ይጎብጣል፣ ቀጭ ሲል እጅዎን ይነዝረዋል። ያ ንዝረት ነው እናንተ ቤት ድረስ የሚመጣው። አንዳንዴ ደግሞ ቅልጥ አለት ከሥር መጥቶ ስንጥቁን ገፍቶ ይገባበታል። መስከረም 1998 አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ ምድሪቱ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ላይ በሳምንታት ውስጥ ተከፍታ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀች። አምና አዋሽ ፈንታሌና ዶፋን ላይ የሆነው ተከታታይ መንቀጥቀጥም የዚሁ ዘመድ ነው። ቅልጥ አለቱ መንገድ ሲከፍት አለቱን እየሰነጠቀ ስለሚሄድ ነው አንዱ ሳይበርድ ሌላው የተከተለው። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቀያቸው ተነሡ።

የካቲት 7 ቀን 2017 ሌሊት አዲስ አበባ ቤትዎ ሆነው የሰሙትን መንቀጥቀጥ ያስታውሳሉ? መጠኑ 6.0 ነበር። መጀመሪያ ብርጭቆዎቹ ሲንጫጩ ነቅተው አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ፤ ጸሎቱን ሊጨርሱ ሲሉ ቤቱ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ያዘ። ይህን የነገሩኝ ዕለት በጣም ነው ደስ ያለኝ፤ ሳያውቁት ርቀቱን ለክተውልኛል። መንቀጥቀጥ ሁለት ዓይነት ማዕበል ይልካል። ፈጣኑ በሴኮንድ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራል፤ ጉልበቱ ግን ትንሽ ነው። ዋናውን ውዝዋዜ ይዞ የሚመጣው ዘገምተኛው፣ በሴኮንድ ሦስት ተኩል ገደማ የሚጓዘው ነው። ከፈንታሌ አካባቢ እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 150 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ በሁለቱ መካከል ወደ ሃያ ሴኮንድ የሚጠጋ ጊዜ አለ። ያ ነው እርስዎ የጸለዩበት። ቦታው ቅርብ ቢሆን ኖሮ «አቡነ» ብለው እንኳ አይጨርሱም ነበር።

ሌላው ደግሞ «ትንንሾቹ መጥተው ትልቁን ያስቀሩታል» የሚሉት ነገር ነው። ደስ የሚል ሐሳብ ነበር፤ ሒሳቡ ግን አይፈቅድም። መጠኑ በአንድ ቁጥር ሲጨምር የሚለቀቀው ኃይል ወደ 32 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ አንድ ባለ 6ን ለመተካት ባለ 4 ቢሆን አንድ ሺህ ያህል ያስፈልጋል። አንድ ሺህ መቁጠር ከፈለጉ ይቀመጡ፤ ሳሎን ውስጥ ግን፣ አግዳሚው ላይ አይደለም።

የአፈሩም ነገር አለ። በ1985 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሜክሲኮ ሲቲን ያወደመው መንቀጥቀጥ የተነሣው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። ከተማይቱ የተሠራችው ግን በደረቀ ሐይቅ ጭቃ ላይ ነበርና ጭቃው ውዝዋዜውን አበዛው። አዲስ አበባ ውስጥም አለት ላይ ያለ ቤትና ወፍራም ጥቁር አፈር ላይ ያለ ቤት እኩል አይሰማቸውም። ጎረቤትዎ «እኔ ምንም አልሰማሁም» ቢልዎ አይጣሉት። ለነገሩ እኔም የምመክርዎት ከሰላም ሀገር ሆኜ አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ ራሱ የተኛው ድሮ በፈነዳ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ነው። በስተሰሜን ኮርቤቲ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ፤ ምድሩ በየዓመቱ በሴንቲሜትር የሚቆጠር ከፍታ ሲጨምር በሳተላይት ተለክቷል።

አሁን ወደ ቤትዎ። ሕንፃችሁ ብረት ባለው የኮንክሪት ምሰሶና አግዳሚ የቆመ ነው፤ በብሎኬት የተሞላው ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ሸክም አይሸከምም። ብሎኬቱ ላይ ስንጥቅ ቢያዩ አይደንግጡ። ምሰሶ ላይ ቢያዩ ግን በዚያው ቀን ለማኅበሩ ያስታውቁ። ምድር ቤት ሱቅ የከፈተው ሰውዬ ቦታ ለማስፋት ሲያፈርስ የነበረውም ግድግዳ ይሁን ምሰሶ፣ መሐንዲስ መጥቶ ይየው። «ጎረቤት ይቀየመኛል» የሚሉትን ለዚህ ጊዜ ይተዉት።

መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወደ ደረጃው አይሩጡ፤ በዚያ ጉልበትዎ የሚጎዱት ደረጃው ላይ ነው። ወደ በረንዳም አይውጡ። አልጋ ላይ ከሆኑ እዚያው ሆነው ራስዎን በትራስ ይሸፍኑ። ሳሎን ከሆኑ ጠንካራው ጠረጴዛ ሥር ይግቡ፤ መጎንበሱ ካቃተዎት ከመስኮቱና ከቡፌው ራቅ ብለው ይቀመጡና ራስዎን በክንድዎ ይከልሉ። ሲቆም ጋዙን ዘግተው፣ ጫማ አድርገው ቀስ ብለው ይውረዱ። መስታወት ይኖራልና በባዶ እግር እንዳይሆን።

ቡፌው ዋናው ጠላቴ ነው። ከቁመትዎ ይረዝማል፣ ላዩ ላይ ቴሌቪዥን አለ፣ ውስጡ የእማዬ ብርጭቆዎች ሞልተውበታል፣ ከግድግዳው ጋር የሚያያይዘው አንድ ብሎን እንኳ የለውም። ወንድሜ ቅዳሜ መሰርሰሪያ ይዞ ይመጣል። ቡፌውን በብረት ማዕዘን ከግድግዳው ጋር ያስራል፣ ቴሌቪዥኑን ያወርዳል፣ ከራስጌዎ በላይ የተሰቀለውንም የእኔን የምረቃ ፎቶ ያነሣል። ግድግዳዬን በሳው ብለው እንዳይቆጡት፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ፎቶውን ደግሞ ከሶፋው በላይ ልስቀለው ይሉ ይሆናል፤ እዚያም አይሆንም፣ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት። ኮሪደሩ ውስጥ ይሰቀል።

አክባሪ ልጅዎ