ሹራባችሁ ልካችሁ ካልሆነ መቀስ አታስነኩት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ሰሞኑን ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁን ጉዳይ ነው። በእጅ የተሠራ ሹራብ ሲሰፋ፣ ሲጠብ ወይም እጅጌው ሲረዝም ምን ይደረጋል? አንዱ ቶሎ አልቆ ሌላው ለምን ይዘገያል? ዋጋውስ ለምን ይለያያል?

ከሁሉ በፊት አንድ አደራ አለን። ሹራቡን ለማስጠበብ ወደ ልብስ ሰፊ አትውሰዱት። ሰፊው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የለመደው ጨርቅ ነው። ጨርቅ ሲሰፋ ጎኑ ይቆረጣል፣ ጠርዝ በሚሰፋ መኪና፣ በኦቨርሎክ፣ ይዘጋል፣ አለቀ። ሹራብ ግን አንዷ የክር ቀለበት ሌላዋን ይዛ የቆመ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሲቆረጥ ጎረቤቶቿ መያዣ ያጣሉ። ኦቨርሎኩ እንዳይተረተር ቢይዘው እንኳ ጠርዙ ይለጠጥና ይንዘላዘላል። ተቆርጦ የተጣለውን ክር ደግሞ እኛም ልንመልሰው አንችልም።

ሳይቆረጥ ከመጣልን ግን ብዙ መላ አለው። ሹራብ ይተረተራል። ክሩ ተጠንጥኖ፣ ታጥቦና ተዘርግቶ ጥምዝምዙ ከለቀቀ በኋላ እንደገና ይሠራል። ጨርቅ ይህን ዕድል አይሰጥም።

በብዛት የሚመጣልን የእጅጌ ጉዳይ ነው። «እጅጌው እጄን ዋጠው» ትሉናላችሁ። እኛ ግን መጀመሪያ የምናየው ትከሻውን ነው። ሹራቡን ለብሳችሁ ስትቆሙ የትከሻው ስፌት ከትከሻችሁ አጥንት ወርዶ ክንዳችሁ ላይ ካረፈ፣ ረዘመ ያላችሁት እጅጌ ላይረዝም ይችላል። ትከሻው ተለጥጦ እጅጌውን ይዞት ወርዷል። በተለይ ከባድ ሹራብ መስቀያ ላይ ሲከርም የሚሆነው ይኸው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። በውስጥ በኩል፣ ከአንገት እስከ ትከሻ ጫፍ ባለው ስፌት ላይ፣ በኪሮሽ ጠበቅ ያለ ሰንሰለት እንሠራበታለን። ስፌቱ ይሰበሰባል፣ ዳግመኛም አይለጠጥም፣ እጅጌውም ወደ ቦታው ይመለሳል። ለዚህ የምናስከፍላችሁ ትንሽ ነው። እጅጌ ከመንካታችን በፊት ሁልጊዜ ይህን እንሞክራለን። በመጀመሪያው ቀን «አሳጥሩልኝ» ብላችሁን «ቆይ፣ ትከሻውን እንይ» ስንላችሁ ሥራ ማስረዘማችን እንዳይመስላችሁ።

ትከሻው ልክ ሆኖ እጅጌው ብቻ ከረዘመ፣ ቀጣዩ ጥያቄ ከየት ወደ የት ተሠራ የሚለው ነው። ከትከሻ ተጀምሮ ወደ እጅ የወረደ ከሆነ ደስ ይለናል። መዝጊያውን ፈትተን የሚፈለገውን ያህል እንተረትርና ጫፉን እንደገና እንሠራለን። የእንግሊዝ ዓሣ አጥማጆች ጋንሲ የሚባለው ሹራባቸው እጅጌው የሚሠራው እንዲህ ከላይ ወደ ታች ነበር። በባሕር ሥራ ቶሎ የሚያልቀው የእጅጌው ጫፍ ስለሆነ፣ ያለቀውን ተርትሮ በአዲስ ክር ለመሥራት እንዲመች ነው። ብልህ አሠራር ነው። እኛም አዲስ ስንሠራላችሁ፣ በተለይ ለሚያድጉ ልጆች፣ ይህንኑ እንድትመርጡ እንመክራለን። ልጁ ሲረዝም እጅጌውም ይረዝማል።

እጅጌው ከእጅ ተጀምሮ ወደ ላይ የወጣ ከሆነ ግን ሥራው ሌላ ነው። ሹራብ ከተጀመረበት ጫፍ በኩል እንዲሁ ተስቦ አይተረተርም። ስለዚህ አዲሱ ርዝመት የሚደርስበትን መስመር በሜትር ለክተን ምልክት እናደርጋለን። ከዚያ መስመር ላይ አንዲት ቀለበት ብቻ፣ በብብት በኩል ባለው ጎን፣ ትቆረጣለች። ክሩ በመርፌ ጫፍ ቀለበት በቀለበት ዙሪያውን ይሳባል። እጅጌው ለሁለት ይለያል። ከላይ የቀሩት ቀለበቶች አንድም ሳይቀር ሹራብ መሥሪያው ላይ ይያዛሉ፤ እዚህ ላይ መቸኮል የለም። ታችኛው ቁራጭ ከላይ በኩል ስለተከፈተ በቀላሉ ይተረተራል፣ አዲሱን ጫፍ የምንሠራውም በዚያው ክር ነው። እጅጌ ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ የተቆረጠበት ቦታ ከድሮው ጫፍ ይልቅ ሰፊ ነው። ስለዚህ ጫፉን ከመጀመራችን በፊት ቀለበቶቹን እያጣመርን እንቀንሳለን፤ አለዚያ አንጓችሁ ላይ ሰፍቶ ይቀራል።

እዚህ ላይ በግልጽ መናገር ያለብን ነገር አለ። አዲሱ ክፍል የሚሠራው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ ቀለበቶቹ በግማሽ ይዛነፋሉ። ለስላሳ ገጽ ባለው ሹራብ ላይ ማንም አያየውም። እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ጌጥ ባለበት ሹራብ ላይ ግን ይታያል። ለዚህ ነው ገመድ ያለበት ሹራብ ስታመጡልን «ከመሃል አንቆርጠውም» የምንላችሁ።

ማስረዘም ተጨማሪ ክር ይፈልጋል። ያው ቀለም፣ ያው ዓይነት ክር ቢገኝ እንኳ በተለያየ ጊዜ የተነከረ ከሆነ ጎን ለጎን ሲደረግ ልዩነቱ ያስታውቃል። ሹራቡም በፀሐይና በእጥበት ደብዝዟል። ኪስ ወይም ወፍራም የሚታጠፍ አንገት ካለው ከዚያ ተርትረን ክር እናገኛለን። ከሌለው ደግሞ፣ በእኛ አስተያየት፣ ሊመሳሰል ያልቻለ ቀለም ለመደበቅ ከመታገል ሆን ተብሎ የተለየ ቀለም ባለው መስመር ማስረዘሙ ያምራል።

ወርዱስ? በጣም የሰፋውን ወይም በጣም የጠበበውን ማስተካከል ከእጅጌ ይከብዳል። ስፋት ከመጀመሪያው የሚወሰነው በሠሪዋ እጅ ጥብቀት ነው። ዙሪያው 200 ቀለበት ያለውን ሹራብ ውሰዱ። በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 22 ቀለበት ከገባ ዙሪያው ወደ 91 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እጇ ላላ ብሎ 20 ብቻ ከገባ 100 ሴንቲ ሜትር ይሞላል። በሁለት ቀለበት ልዩነት 9 ሴንቲ ሜትር! እናንተ ሳትወፍሩ ሳትከሱ ሹራቡ ሌላ ሰው የለበሰው ይመስላል። አዲስ ስታዙን በቅድሚያ ትንሽ ናሙና ሠርተን የምንለካው ለዚሁ ነው።

የጎን ስፌት ካለው ከእያንዳንዱ ጎን ጥቂት ቀለበት ወደ ውስጥ አስገብተን እንሰፋለን። ከዚያ ካለፈ ብብት ስር ይወፍራል፣ ይቆረቁራል። ያኔ ተርትሮ ከመሥራት ሌላ መንገድ የለም፣ ያም አዲስ ከመሥራት ብዙ አይተናነስም። ለጠበበው ሹራብ ጎኑን ከፍተን ከታች እስከ ብብት፣ ካስፈለገም እስከ እጅጌው፣ ቀጭን ጭማሪ ቁራጭ ሠርተን እናስገባለን። ደረቱ ላይ ብቻ ከጠበበ ፊቱን ከፍተን በቁልፍ ወይም በዚፕ የሚዘጋ ማድረግም ይቻላል። በሼትላንድና በኖርዌይ ሹራብን መሃሉን በመቀስ መክፈት የቆየ ልማድ ነው። ይህን ስታነቡ «መቀስ አታስነኩት አላላችሁም?» ማለታችሁ አይቀርም። እነሱ የሚቆርጡት የሱፍ ክር ነው፤ ሱፍ እርስ በርሱ ይያያዛል። እኛም በሱፍ ላይ ብቻ፣ ግራና ቀኙን አስቀድመን በመኪና ሰፍተን እንሠራዋለን። በጥጥና አክሪሊክ በሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ላይ አንሞክረውም።

የክሩን ዓይነት ማወቅ ብዙ ነገር ያድናል። ትንሽ የጠበበ የሱፍ ሹራብ ምንም ሳይተረተር ሊስተካከል ይችላል። ለብ ባለ ውኃ ይነከራል፣ ሳይጠመዘዝ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጨመቃል፣ ከዚያ በሚፈለገው ልክ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተዘርግቶ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ይደርቃል። አክሪሊክ ይህን አይቀበልም። ካውያ ሲነካው ደግሞ ይለሰልስና ይልፈሰፈሳል፣ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ጥጥ በክብደቱ ይወርዳል፣ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ስለዚህ ሳይታጠብ አንለካውም።

ውጭ አገር ላሉ ልጆቻችሁና ዘመዶቻችሁ ሹራብ የምታሠሩ፣ እባካችሁ ይህን ንገሯቸው። የሱፍ ሹራብ በሙቅ ውኃ መታጠብና ማድረቂያ ማሽን ውስጥ መግባት የለበትም። ሙቀትና መገላበጥ ሲገናኙ ፀጉሩ እርስ በርሱ ይቆላለፍና ወፍራም ጠንካራ ጨርቅ ይሆናል። ያ ሹራብ ከእንግዲህ አይተረተርም። እናት ለልጇ የሠራችው ሹራብ እንዲህ ሆኖ ሲመጣልን ልባችን ያዝናል፣ ልናደርግለት የምንችለው ነገር ግን የለም።

ልክ ስትልኩልን ደግሞ የሰውየውን አካል ብቻ አትለኩ። የሚወደውን፣ በደንብ የሚሆንለትን ሹራብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከብብት በታች ያለውን ወርድ፣ ከትከሻ እስከ ታች ያለውን ቁመት፣ ከብብት እስከ እጅ ጫፍ ያለውን ርዝመት ይላክልን። አንዱ ጠበቅ ያለ ይወዳል፣ ሌላው ከደረቱ ዙሪያ 10 ሴንቲ ሜትር ተርፎት ካልለበሰ አይመቸውም።

ለማስተካከል ስትመጡ ሹራቡ ታጥቦ የደረቀ ይሁን። የተረፈ ክር ቤት ካለ፣ ቁራጭም ብትሆን ይዛችሁ ኑ። ከስር የምትለብሱትን ሸሚዝ ለብሳችሁ ኑ። ዋጋ የምንነግራችሁ ለብሳችሁት ካየን በኋላ ነው፤ በስልክ የምንገምተው ብዙ ጊዜ ልክ አይመጣም። ክረምቱ ሲገባ ሥራ ስለሚደራረብብን፣ ለሐምሌ የምትፈልጉትን በግንቦት ብታመጡልን ሳንቸኩል እንሠራላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሹራብ ቤታችሁ ሠራተኞች