አሸዋና ቁማር ብቻ አይደለንም፦ ከላስ ቬጋስ የተላከ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ሰሞኑን ዓምደኛችሁ አሜሪካ ስላሉ አበሻ ጡረተኞች የጻፈውን ቡና የምንጠጣበት ቤት አንዱ ጓደኛችን ከስልኩ ላይ ጮክ ብሎ አነበበልን። ስለ ሜሪላንድ ስለ ሲያትል ብዙ ብሎ ብሎ እኛጋ ሲደርስ አሸዋና ቁማር ነው፣ የሽማግሌ መቀመጫ አይደለም በሚል ዓይነት ነገር አለፈን። ልጁ (ልጅ ነው ብዬ ነው፣ አንቱ ከሆነ ይቅርታ) መጥቶ አይቶ ከሆነ ያየው ስትሪፑን፣ ካሲኖና ሆቴሉ የተደረደረበትን ጎዳና ነው፣ እኛ ደሞ ስትሪፑን በሥራ ዘመናችን ጠግበነዋል፣ ግማሻችን ታክሲ ነድተን ግማሻችን ካሲኖ ውስጥ ካርድ አድለን ክፍል አጽድተን ነው ጡረታ የወጣነው፣ አሁን ከሌላ ስቴት እንግዳ መጥቶ አሳዩኝ ካላለ በቀር ወደዛ ዞር የሚል የለም።

ሲጀመር አሸዋ የት አለ? የሞሃቪ በረሃ እኮ እዚህ አካባቢ ድንጋይና ጠጠር ነው፣ መሃል መሃሉን ቁጥቋጦ፣ ዙሪያውን ተራራ። ከተማው 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ቻርልስተን የሚባለው ተራራ ግን ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፣ ስለዚህ ጥር ላይ በሹራብ ከቤት ወጥተህ አንድ ሰዓት ሳትነዳ በረዶ ትረግጣለህ። ሙቀቱንማ አልክድም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 120 ፋራናይት ገብቷል፣ 49 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ማለት ነው፣ ከተማው ሙቀት መለካት ከጀመረ እንደሱ ሆኖ አያውቅም። ያኔ የቀዝቃዛውን ቧንቧ ስትከፍት የሚመጣው ሙቅ ውሃ ነው፣ መኪና ውጭ አቁመህ ከነበረ መሪውን በጨርቅ ነው የምትይዘው።

ግን ሙቀቱ ሥራም አለው። ባለቤቴ ዛላ በርበሬውን አጥባ ጓሮ ታሰጣዋለች፣ ጠዋት የተሰጣ ማታ ሲጨብጡት ይንኮሻኮሻል፣ ድርቆሽማ እስከ ምሳ ሰዓት አይቆይም። ሌላ ቦታ ያሉ ዘመዶቻችን በርበሬ በኦቨን ነው የሚያደርቁት ሲባል እሷ ታዝናለች። ስጥ ጠባቂው እኔ ነኝ፣ በርበሬውን ማንም አይነካውም፣ ድርቆሹን ግን እርግቦቹ ለምደውታል፣ ወንበሬን ጥላው ውስጥ አድርጌ ሬዲዮዬን ይዤ እሽ እሽ ስል እውላለሁ። ሊጡ ብቻ ነው ያስቸገራት፣ በሙቀቱ ወራት ውጭ ካደረ ጠዋት አይቀመስም፣ ይኮመጥጣል።

ቀኑ የሚጀምረው ሌሊት 11 ሰዓት ነው። የማታ ሺፍት የነዳን ሰዎች ነንና ድሮ በዚህ ሰዓት መኪና አስረክበን ዓይናችን ደም ለብሶ ወደ ቤት ነበር፣ ፀሐይ ስትወጣ መጋረጃ መዝጋት እንጂ ማየት የሚባል ነገር የለም። አሁን ውሃ ይዘን እንወጣለን፣ በምዕራብ በኩል ሬድ ሮክ የሚባለው ቀይ ድንጋይ ያለበት ተራራ ከሰው ቀድሞ ፀሐይ ያገኛል፣ መጀመሪያ ጫፉ ይቀላል፣ ከዛ ቀዩ ወደ ታች እየወረደ ይመጣል፣ ቤቶቹ ጋ ሳይደርስ እኛ ዙራችንን ጨርሰናል። መንገድ ላይ የማትጠፋው ቆቅ ናት፣ የዚህ አገሯ ትንሽ ክብ ያለች፣ ግንባሯ ላይ ወደ ፊት የታጠፈች ጥቁር ላባ ያላት። ግንቦት ሰኔ ላይ ጫጩቶቿን ይዛ አስፋልት ስትሻገር ወንዱ አጥር ላይ ይወጣና አንገቱን እያዞረ ይጠብቃል፣ እናቲቱ ቀድማ ጫጩቶቹ ተከትለው ይሮጣሉ፣ የመጨረሻዋ ካልተሻገረች እሱ ከአጥሩ አይወርድም። መኪናም ይቆማል፣ እዚህ ከተማ ለእግረኛ የማይቆም ሹፌር ለቆቅ ሲቆም በዓይኔ አይቻለሁ!

ውሃ ላይ ደሞ ቀልድ የለም። የምንጠጣው በአብዛኛው ሚድ ከሚባለው ሐይቅ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኮሎራዶ ወንዝ በሁቨር ግድብ ተገድቦ የተሠራ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከሞላ ወዲህ ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ወርዶ ነበር፣ ሄደህ ብታይ ውሃው የሸሸበት ድንጋይ ዙሪያውን ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ሣርህን ነቅለህ የበረሃ ተክል ብትተክል የውሃ መሥሪያ ቤቱ ብር ይሰጥሃል፣ እኔም አስነቅዬ ሮማንና በለስ አስገባሁ፣ ሮማኑ ይሄን ሙቀት ወዶታል፣ ጤና አዳሟ ብቻ ጥላ ትፈልጋለች። እሁድ እሁድ ደሞ ሣር ማጠጣት ክልክል ነው። ኃጢአት ከተማ እያላችሁ የምትሰድቧት ቬጋስ ቢያንስ ለሣር ሰንበት ታከብራለች።

ከረፋዱ በኋላ ግን ቤት ወይ ሞል ነው። ሞል ውስጥ በነፃ ኤሲ እየተንሸራሸርን ፖለቲካውን እናነሳለን እንጥላለን፣ ከዛ ቡና። ስለ ቁማሩ ከተነሳ አይቀር እውነቱን ልናገር፣ የለም አልልም፣ እዚህ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሳይቀር ማሽን አለ፣ ወተት ሊገዛ ገብቶ የጡረታ ብሩን አስበልቶ የወጣ ሰው አውቃለሁ፣ ሚስቱም ታውቃለች። ይሄ መጻፍ ነበረበት፣ ጸሐፊያችሁ በአንድ ቃል ከሚያልፈው ይሄን ቢያጣራ አንባቢም ይጠቀም ነበር። ስቴቱ የገቢ ግብር እንደማይቆርጥ፣ ብዙ ጡረተኛ ከካሊፎርኒያ እየለቀቀ ለምን እንደሚመጣም አላነሳም። እኛን የሚያስተዳድረው ክላርክ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2023 አንዱን ሰፈር ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ መሰየሙንም አልሰማም መሰለኝ።

ዝናብ በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ በአንድ ወር ከዛ በላይ የሚያወርድበት ጊዜ አለ። ከሚመጣው ከፊሉ ግን ሐምሌና ነሐሴ ነው የሚመጣ፣ ልክ በኛ ክረምት። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ አቧራው ይነሳል፣ ከዛ ለግማሽ ሰዓት ይደፋዋል፣ ጎርፉ መንገድ ይዘጋል፣ ቲቪው አትንዱ አትንዱ ይላል፣ እኛ ሽማግሌዎቹ ደሞ በር ከፍተን እንወጣለን። ክሪዮሶት የሚባል ቁጥቋጦ አለ፣ ዝናብ ሲነካው ሽታው ከተማውን ያጥነዋል፣ ቅጠሉን በእጅህ ብታሸው መዳፍህ ላይ ለረጅም ሰዓት ይቆያል። ጎረቤቴ አሜሪካዊው ያኔ ብቻ ነው ወጥቶ የሚያወራኝ፣ ሌላ ጊዜ እጁን አውለብልቦ ጋራዡን ይዘጋል።

ዓምደኛችሁን በዚህ ቅር እንዳይለው በሉልኝ፣ ሌላው ጽሑፉ ጥሩ ነው። ደግሞ የሚጽፍ ከሆነ ግን ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ይምጣ፣ ሐምሌ ካልሆነ አልሰማም ካለ ከኛ ጋር ሌሊት መነሳት አለበት። ልጆቹ ስለወጡ ትርፍ ክፍል አለን፣ ለሆቴል አያወጣም።

አንድ የድሮ ታክሲ ነጂ
ከላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ