ፒተር ግሪን ከወጣ በኋላ

አንተ ሰው፣ አለህ ወይ? በጣም ተጠፋፋን እኮ! ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ሌላ ቀን እንጨቃጨቅበታለን፣ አሁን የጻፍኩልህ ስለ ድሮው ክርክራችን ነው። ሰሞኑን ጊታሪስቱ ፒተር ግሪን የመሠረተውን የእንግሊዝ ባንድ፣ ፍሊትውድ ማክን፣ ከመጀመሪያው አልበም ጀምሬ በተራ እየሰማሁ ነው እና ያቺ "ፒተር ግሪን ሲወጣ ባንዱ አበቃለት፣ ከዛ ወዲህ ያለው ስሙ ብቻ ነው" የምትላት ነገርህ ትዝ እያለችኝ ብቻዬን ካንተ ጋ ስከራከር ሰነበትኩ።

ስሙ ብቻ ነው አልክ አይደል? እኔ ደሞ ጨዋታው ያለው ስሙ ላይ ነው እልሃለሁ። ግሪን በ1967 ለንደን ላይ ከብሉዝ ሙዚቀኛው ከጆን ሜዮል ባንድ ሲወጣ እኮ ዝነኛውን ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተንን ተክቶ ሲጫወት የነበረ ሰው ነው፣ ባንዱን በራሱ ስም ቢጠራው ማን ምን ይለዋል? እሱ ግን የድራመሩን የሚክ ፍሊትውድንና የቤዚስቱን የጆን ማክቪን ስም ገጣጠመ፣ ያውም ማክቪ ገና እሺ ሳይል! ሰውዬው ሜዮል ጋ የማይቋረጥ ገቢ አለው፣ አዲስ ባንድ ደሞ ነገ ይፍረስ አይፍረስ ማን ያውቃል፣ እዛው ቀረ። ነሐሴ ላይ ዊንዘር ፌስቲቫል መጀመሪያ መድረክ ሲወጡ ቤዙን የያዘው ቦብ ብራኒንግ ነበር። እስቲ አስበው፣ የምትጫወትበት ባንድ የተሰየመው ቦታህን ሊወስድ በሚጠበቅ ሰው ስም ነው ሃሃሃ። ትንሽ ሳምንታት ቆይቶ ማክቪ መጣ፣ ብራኒንግ ተሸኘ።

ከዛ ያለውን ታውቀዋለህ። በ1968 ዳኒ ከርዋን በ18 ዓመቱ ገባና ከጄረሚ ስፔንሰር ጋ ጊታሪስቶቹ ሦስት ሆኑ፣ "አልባትሮስ" የሚለው ሙዚቃቸው እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጣ፣ ከዛ ግሪን ገንዘባችንን ለተቸገረ እንስጥ ማለት ጀመረና በ1970 ወጣ። እዚህ ላይ አልክድህም፣ ያንን ጊታር የሚተካ አልመጣም፣ አንድ ኖታ ይዞ ዝም ሲል ራሱ ይሰማሃል።

በ1971 ስፔንሰር ሎስ አንጀለስ ላይ መጽሐፍ መደብር ደርሼ ልምጣ ብሎ በዛው ቀረ፣ ሲፈለግ ሲፈለግ አንድ የሃይማኖት ቡድን ውስጥ ገብቶ ተገኘ፣ ቱሩን ለመጨረስ ታዲያ ማንን ጠሩ? ግሪንን! በ1972 ደሞ ከርዋን ኮንሰርት ሊጀመር ሲል ጊታሩን ሰባብሮ አልወጣም አለ፣ እነሱ መድረክ ላይ ሲቸገሩ እሱ ከታች ሆኖ ያያቸው ነበር፣ ተባረረ። (ግን "ቤር ትሪስ" የሚለውን አልበም ያለሱ አስበው፣ ማንም አያነሳለትም፣ ያናድደኛል።)

ዋናው ማስረጃዬ 1974 ነው። ማናጀራቸው ስሙ የኔ ነው ብሎ ጭራሽ ሌሎች ሙዚቀኞች ሰብስቦ ፍሊትውድ ማክ ናቸው እያለ አሜሪካ ለቱር ላካቸው እኮ! የመጣው ሰው ተቆጣ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። አየህ፣ "ስሙ ብቻ" ማለት ያ ነው፣ ሚክና ጆን የሌሉበት። እነሱ ሲኖሩ ግን፣ ክሪስቲን ማክቪም ከ1970 ጀምሮ ኪቦርዱ ላይ አለች፣ በ1974 መጨረሻ ጊታሪስቱ ቦብ ዌልች ሲወጣ ሚክ ሊንዚ በኪንግሃምን ጊታሪስት ሁንልን አለው፣ ልጁ ፍቅረኛዬ ዘፋኟ ስቲቪ ኒክስ ካልገባች አልገባም አለ፣ ሁለቱም ገቡ፣ በ1977 "ሩመርስ" የሚለው አልበም ወጣ፣ ከ40 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሸጠ። እንደ ግሪን ጊዜ ብሉዝ አይደለም፣ አውቃለሁ፣ ግን "ዘ ቼይን" የሚለው ዘፈን መጨረሻው አካባቢ ሁሉም ዝም ሲል ብቻዋን የምትመጣዋን ቤዝ ማን ነው የሚጫወታት?

ደሞ ግሪን ስማቸውን የሰጣቸው እኔ አንድ ቀን ብሄድ እነሱ ባንድ ይኑራቸው ብሎ ነው ይባላል፣ ስለዚህ ያንተው ጀግና ከኔ ጋ ነው። መልስ ካለህ ጻፍ፣ ዝም ካልክ ግን እንዳመንክ ነው የምቆጥረው።