የጎንደር መንገድ ከግድግዳው ወደ መሃል ይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የጎንደር መንገዶች እድሳት በተነሳ ቁጥር ስለ አስፋልቱ ርዝመት፣ ስለ መብራቱና ስለ አረንጓዴው ቦታ ብዙ ይባላል። መንገዱ ከየት ተጀምሮ እንደሚለካ ግን ማንም አያነሳውም። እግረኛው የሚጎዳውም ብስክሌተኛው ቦታ የሚያጣውም እዚያ ላይ ነው።

በተለመደው አሠራር ቀያሹ መጀመሪያ የመንገዱን መሃል መስመር ይይዛል። ከዚያ ግራና ቀኝ ለአስፋልቱ ይቆርጣል፣ ለጠርዝ ድንጋዩና ለፍሳሽ ቦዩ ያስቀራል፤ የተረፈው የእግረኛ መንገድ ይባላል። ትርፉ አንዱ ሱቅ በር ላይ ሦስት ሜትር ይሆናል፣ ቀጥሎ ያለው አጥር ወጣ ሲል ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፣ እዚያችው ላይ ደግሞ የመብራት ምሰሶ ይተከላል። ሰው ወደ አስፋልቱ የሚወርደው ሥርዓት ስላልተማረ አይደለም፤ መንገዱ ስላለቀበት ነው።

መለኪያው ከግድግዳው ይጀምር። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 20 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ እንውሰድ። በየጎኑ 4 ሜትር ለእግረኛ ይያዝ፤ ከዚያ ውስጥ አንዷ ሜትር ለሱቅ መግቢያና ለጉሊት፣ ሁለቱ ሜትር ምንም ነገር የማይቆምበት ንጹሕ መሄጃ፣ አንዷ ሜትር ለምሰሶ፣ ለዛፍና ለቆሻሻ ማጠራቀሚያ ይሁኑ። እስካሁን 8 ሜትር ሆነ። ለተሽከርካሪ በየአቅጣጫው 3.25 ሜትር ስንሰጥ 6.5 ሜትር ይሆናል፤ በከተማ ውስጥ ለአውቶቡስም ይበቃል። ለብስክሌት 2 ሜትር፣ ባጃጅና ታክሲ ለሚቆሙበት 2.5 ሜትር፣ ለጠርዝ ድንጋይና ለውሃ መውረጃ ቀሪዋ አንድ ሜትር። ሁሉም ቦታ አገኘ ማለት ነው። ጠበብ ባሉ ቦታዎች፣ ስፋቱ 12 ሜትር ብቻ በሆነበት፣ ለየብቻ የብስክሌት መስመር ማውጣት አይቻልም። እዚያ በየጎኑ 2.5 ሜትር ለእግረኛ፣ በመሃል 6 ሜትር ለተሽከርካሪ፣ ቀሪዋ አንድ ሜትር ለጠርዝ ድንጋይና ለውሃ መውረጃ ይሰጥና ፍጥነቱ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በታች ይደረግ፤ ብስክሌተኛው ከመኪናው ጋር ይሄዳል። እዚያ ላይ መኪና ማቆም ግን ጨርሶ መፈቀድ የለበትም።

የብስክሌት ነገር ከተነሳ፣ የሜዳ ከተማን ንድፍ እንዳለ ወደ ጎንደር ማምጣት አያዋጣም። ከተማችን በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል በዳገትና በቁልቁለት ላይ ያረፈች ናት። ዳገት የሚወጣ ብስክሌተኛ በሰዓት ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ሚዛኑን ለመጠበቅም ግራ ቀኝ ይወላወላል፤ የተለየና ከአስፋልቱ ከፍ ያለ መስመር የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። የሚወርደው በመኪናው ፍጥነት ስለሚወርድ ቦታ ካነሰ ከተሽከርካሪው ጋር ቢሄድ ይሻላል። ስለዚህ 2 ሜትር ብቻ ካለን ለሁለት ከፍለን ሁለቱንም ወገን ከማጥበብ ሙሉውን ለዳገቱ ወገን መስጠት ይገባል።

አሁን ወደ ዊልቸሩ። የጠርዝ ድንጋይ ቁመት አብዛኛውን ጊዜ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ከአስፋልቱ ወደ እግረኛ መንገዱ የሚያወጣው ተዳፋት፣ ማለትም ራምፑ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል 12 ሳንቲ ሜትር መርዘም አለበት፤ ስለዚህ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ይፈልጋል። ግንበኛው ቦታ ለመቆጠብ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲጨርሰው ከላይ ሲያዩት ራምፕ ይመስላል፤ ዊልቸር ሲወጣበት ግን የፊት ጎማዎቹ ይነሳሉ፣ ተቀማጩም ወደ ኋላ ይገለበጣል። ሌላው ችግር የራምፑ እግር ነው። አስፋልቱ ላይ አዲስ ድርብ ሲነጠፍ ወይም ራምፑ ቀድሞ ሲሠራ፣ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ የሁለት ወይም የሦስት ሳንቲ ሜትር ጥርስ ይቀራል። ትንሿን የፊት ጎማ ቀጥ አድርጎ ለማቆም አንድ ሳንቲ ሜትርም ይበቃል፤ ልዩነቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። የእግረኛ መንገዱ ወርድ ወደ አስፋልቱ የሚያዘነብለውም ከመቶ ሁለት እጅ ብቻ ይሁን፤ ከዚያ ካለፈ ዊልቸሩ ራሱን ወደ መኪናው ይወስዳል፣ ሰውየውም መንገዱን ሁሉ በአንድ እጁ ሲታገል ይውላል።

ቢጫው ለዓይነ ስውራን የሚነጠፈው ንጣፍ ሁለት ዓይነት ነው። ረጃጅም መስመር ያለው «ቀጥል» ይላል፣ ክብ ክብ ጉብታ ያለው «ቁም፣ መሻገሪያ ወይም ደረጃ አለ» ይላል። ሁለቱ ሳይለዩ ከጭነት መኪናው ላይ ቀድሞ እጅ የገባው ሲነጠፍ፣ ነጭ በትር የያዘ ሰው መሃል መንገድ ላይ ቁም ይባላል፤ ወይም መስመሩን ተከትሎ ሲሄድ ከምሰሶ ጋር ይጋጫል። ከመስመሩ ግራና ቀኝ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይተው። በላይ በኩል ደግሞ የማስታወቂያ ሰሌዳና የሱቅ ጥላ ከ2 ሜትር ከ20 በታች መንጠልጠል የለባቸውም። በትር መሬቱን እንጂ ራስ ላይ ያለውን አያገኝም።

የፍሳሽ ቦይ ክዳን ብዙ እግር የሚሰበርበት ቦታ ነውና ረዘም አድርጌ ልጻፍበት። ክዳኑ የሚጠፋው በአብዛኛው ስለሚሰረቅ ብቻ አይደለም። ቦዩ ሲጠረግ በዲጅኖ ተፈንቅሎ ይነሳል፣ ጠርዙ ይፈረፈራል፣ ሲመለስ ልክ አይቀመጥም፤ ከዚያ አንድ ጭነት መኪና ሲወጣበት ይሰበራል። መፍትሔው ቀላል ነው። ክዳኑ በኮንክሪት ሲሞላ ሁለት ማንሻ ቀዳዳ ይተውለት፣ ሁለት ሰው በመንጠቆ ሊያነሳው እንዲችል ርዝመቱ ከ50 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ መኪና በሚገባበት በር ላይ ያለው ደግሞ ወፍራምና ፌሮው ጠንከር ያለ ሆኖ ለብቻው ይሠራ። የብረት ወንፊት ከሆነ ክፍተቱ ከሰው አካሄድ ጋር የተሻገረ እንጂ የተጓዳኘ አይሁን፤ ስፋቱም ከ13 ሚሊ ሜትር አይለፍ፤ አለዚያ የዊልቸር ጎማና የክራንች ጫፍ ይውጣል።

የዜብራ ቀለም ብቻውን መኪና አያቆምም። አሽከርካሪው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በደረቅ አስፋልት ላይ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚመጣ መኪና ለመቆም 28 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ በ30 የሚመጣው 13 ሜትር። በሐምሌ ዝናብ፣ በቁልቁለት ሲሆን ከዚህም ይረዝማል። በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታልና በገበያ በር ላይ መሻገሪያው ራሱ ከፍ ይበል፦ ቁመቱ ከእግረኛ መንገዱ እኩል 15 ሳንቲ ሜትር፣ ጠፍጣፋው አናት 4 ሜትር፣ መውጫና መውረጃው 1 ሜትር ከ20። ሰው በሜዳ ይሻገራል፣ መኪናው ነው ዳገት የሚወጣው። በየመንደሩ በሲሚንቶ የሚቆለለው ሹል ብሬከር ግን መኪና ይሰብራል፣ አምቡላንስ ላይ ያለ በሽተኛ ያሠቃያል፣ እግረኛውንም አያሻግርም። ከፍ ያለ መሻገሪያ ሲሠራ የማይዘነጋ ነገር ቢኖር ውሃው ነው። መሻገሪያው ጎርፉን ይገድበዋልና በላይኛው፣ ውሃው በሚመጣበት ወገን መግቢያ ይከፈት፤ ታች በኩል ቢከፈት ዋጋ የለውም። ቁልቁለቱ ከመቶ ስምንት እጅ በላይ በሆነበት ቦታም አይሠራ።

ከመሻገሪያው በፊትና በኋላ በትንሹ 10 ሜትር ላይ ባጃጅ እንዳይቆም ይከልከል። ባጃጅ አጭር ቢሆንም ቁመቱ አንድ ሕፃን ከአሽከርካሪ ዓይን ለመሰወር ይበቃል። ክልከላ ብቻውን አይሠራምና ተለዋጭ ቦታ ይሰጣቸው፤ አንዱ ባጃጅ 3 ሜትር፣ አንዱ ሚኒባስ 6 ሜትር ያህል ነው የሚፈልገው። ፌርማታው መሻገሪያው ከታለፈ በኋላ ይሁን፤ የወረደው ተሳፋሪ ከመኪናው ኋላ፣ እየታየ እንዲሻገር።

የእግረኛ መንገዱ ላይ ባጃጅ እንዳይወጣ የሚተከሉት አጫጭር ምሰሶዎች ርቀታቸው 1 ሜትር ከ10 ቢሆን ይበቃል። ባጃጅ 1 ሜትር ከ30 ያህል ስለሚሰፋ አይገባም፣ ዊልቸር ግን ይገባል። ጎንደር ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በጥር 10 ከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ፣ በ11 ሲመለሱ፣ ሕዝቡ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። በዚያ መስመር ላይ የሚተከለው ምሰሶ በቁልፍ የሚነቀል፣ ቀዳዳውም የሚከደን ይሁን። ጉልበት ላይ የሚመታ ቋሚ ብረት በሕዝብ መሃል አይታይም፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይደራረብበታል።

ስለ ንጣፍ ጥቂት ልበል። ከፋሲል ግቢ አጥር ወዲህ ኮብልስቶኑ ይቆይ፣ ለቦታው ይስማማል። ግን በመሃሉ 1 ሜትር ከ50 ስፋት ያለው፣ ፊቱ በመዶሻ የሻከረ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይዘርጋበት፤ ዊልቸርም የሕፃን ጋሪም ያለ ንዝረት ይሄድበታል። የሚያብለጨልጭ ሴራሚክና የተወለወለ ድንጋይ ከቤት ውጭ ቦታ የላቸውም፣ ካፊያ ሲነካቸው ያንሸራትታሉ። ንጣፍ የሚሰምጠው ደግሞ በራሱ ድክመት ሳይሆን ሥሩ ስላልተጠቀጠቀ ነው። የውሃ ወይም የቴሌ መስመር የተቆፈረበት ጉድጓድ አፈሩ በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየተረገጠ ካልተሞላ በመጀመሪያው ክረምት ይወርዳል። ንጣፉ ከመነጠፉ በፊት መንገዱን የሚያቋርጥ ባዶ ቱቦ ቢቀበር መልሶ መቆፈር ይቀንሳል።

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ ስለዚህ ይህ ሁሉ ማዘጋጃ ቤቱ ሲመቸው የሚያደርገው ውለታ አይደለም። የምጠይቀው ከተቋራጩ ጋር በሚገባው ውል ውስጥ እንዲጻፍ ነው። ከርክክብ በፊት አንድ በዊልቸር የሚንቀሳቀስና አንድ ነጭ በትር የሚይዝ ሰው፣ ተገቢው አበል ተከፍሏቸው፣ ከአማካሪው መሐንዲስና ከተቋራጩ ጋር መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሂዱበት። ያለ ሰው እርዳታ ማለፍ ያቃታቸው ቦታ ሁሉ በቀለም ምልክት ይደረግበት፣ ተቋራጩም ያርመው። የዋስትና ጊዜው ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት ይያዝ፣ መያዣ ገንዘቡም መስከረም ላይ መንገዱ ዳግመኛ ታይቶ፣ ውሃ የተኛበት ራምፕና የሰመጠ ንጣፍ ከታረመ በኋላ ይለቀቅ።

ከአክብሮት ጋር
የከተማ መንገድ ንድፍ ባለሙያ፣ ከጎንደር