ላንድክሩዘሯን ሸጥኳት፣ አባባ

ዴንቨር፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም አባባ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? እማዬ ደህና ናት? የደሴ ብርድ በዚህ ወር እንደሚጠና አውቃለሁና ጋቢዎን ሳይደርቡ ለሱብሂ እንዳይወጡብኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ላንድክሩዘሯን ሸጥኳት። በስልክ ልነግርዎ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። እርስዎ «ለምን?» ይላሉ፣ እኔ ሳላስረዳ መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ ጻፍኩት፤ ወንድሜ ቀስ ብሎ ያንብብልዎ።

ስገዛት ፎቶዋን ልኬልዎ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1978 ስሪት፣ አጭሯ ኤፍ ጄ 40፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን፣ አራት ማርሽ። ጎማዎቿ መሬት ውስጥ ሰጥመው ሣር ወርሷት ነበር። ሳያት የታየችኝ እርስዎ የሚነዷት የመሥሪያ ቤቱ መኪና ናት፤ በክረምት ኩታበር ድረስ ይዘውኝ የወጡባት፣ ጭቃው ሲይዛት ወርደው የፊቶቹንም ጎማዎች ሞተሩ እንዲያዞራቸው በእጅዎ የሚቆልፉባት። አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁዴን ለእሷ ሰጠሁ። ፍሪሲዮኗን ቀየርኩ፣ ባሌስትራዋን አወረድኩ፣ የፍሬን ቱቦዎቿን አንድ በአንድ አደስኩ። የዚህ አገር ባትላሜራ የሚጠይቀው ገንዘብ ስለማይቀመስ ብየዳውን ራሴ ተማርኩ። ውሃ ከኋላ ጎማዎቿ በስተጀርባ ስለሚጠራቀም ላሜራዋ እዚያ ጋ እንደ እንጀራ ይቦደስ ነበር። እየቆረጥኩ አዲስ በየድኩባት።

ሞተሯ ተነስቶ ሲያስቸግረኝ የደወልኩልዎት ትዝ ይልዎታል? «ካንዴላው ምን ይመስላል?» አሉኝ። ጥላሸት መስሏል አልኩ። «ከፍታ ላይ ነህ፣ አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚን በዝቶባታልና ቀንስላት» አሉ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ነው። እርስዎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሲወጡ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ይሉ ነበርና ነገሩን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። ያን ቀን ካርቦራተሩን እንዳሉኝ አስተካከልኩት፤ ድምፅዋ ጠራ። ጎረቤቶቼ እስኪወጡ ድረስ ጮህኩ።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልምጣ። ባለፈው ዐረፋ ሰሞን እማዬ በስልክ «አባትህ የሐጃጆቹን ሽኝት ቆሞ ሲያይ ውሎ መጣ፤ ራቱንም አልበላ» አለችኝ። እርስዎ ምንም አላሉኝም፤ ለራስዎ ለምነው አያውቁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋራዥ በገባሁ ቁጥር መኪናዋን ሳያት የሚታየኝ እርስዎ ከዳር ቆመው ነው።

መጀመሪያ የመጣው ገዢ ቀለሟን አይቶ ብቻ 27,000 ዶላር አለኝ። ከስሯ አላየም። ቀኝ የኋላ ሻንሲዋ ላይ፣ ባሌስትራው ከሚንጠለጠልበት አጠገብ፣ የበየድኩት ቦታ አለ፤ ከፊት ጎማዋ እምብርትም ዘይት ያዣል። ቀለም ቀብቼዋለሁ፣ ዝም ብል ማንም አያውቅም። ግን ገንዘቡ የሐጅ ነው አባባ። እርስዎ ከካዕባው ፊት የሚቆሙበትን ገንዘብ በዝምታ ላገኘው አልችልም። ነገርኩት። 23,000 ብሎ አወረደኝ፣ እምቢ ስለው ሄደ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ስሌቱ ለሁለት ሰው አልበቃ ብሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ተራራ ላይ የሚኖር ሽማግሌ ነው። ለእሱ ገና ሲመጣ ማግኔት በእጁ ሰጠሁት። የተቦደሰ ላሜራ በስቱኮ በተለሰነበት ቦታ ማግኔት እንደማይዝ እርስዎም ያውቃሉ፤ ሰውየው እየተንበረከከ ዙሪያዋን ሁሉ አስነካ። ብየዳውን ከመቀባቴ በፊት ያነሳሁትን ፎቶ አሳየሁት፣ የዘይቱንም ነገርኩት። ከዚያ ወደ ተራራው ነዳት። ቁልቁለቱ ላይ በአራተኛ ማርሽ ፍሬን ረግጦ ሲወርድ የፍሬን ሸራው ሽታ እንኳ ሳይመጣ እጄ ወደ ማርሹ ሄደ። «አባቴ ሐረጎ የሚባል መንገድ ላይ ያስተማረኝ አለ፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ» አልኩት። ሁለተኛ አስገባ፣ ሞተሩ ያዛት፣ ፍሬኑን ለቀቀ። ወርደን ስናበቃ 24,500 ሰጠኝ። ካዘጋጀሁት ጋር ተደምሮ ይበቃል።

ሲወስዳት መንገዱ ጫፍ እስክትታጠፍ ቆሜ አየኋት። ከፋኝ፣ አልዋሽዎትም። ጃፓኖቹ እሷን መሥራት ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ1984 ስለሆነ እንደሷ ያለች በቀላሉ አላገኝም። ግን አልጸጸትም፤ እርስዎም በእኔ ስም እንዳይጸጸቱ እለምንዎታለሁ። ገንዘቡ በባንክ በወንድሜ ስም ይደርሳል። ለኩሽናው ጣሪያ እንዳይነካ፣ ለአጎቴም ብድር እንዳይወጣበት። የሁለታችሁ ነው፤ እማዬ «እኔ ቤት ልጠብቅ» ብትል አይስሟት። ፓስፖርታችሁን በዚህ ሳምንት ጀምሩ።

ደግሞ ጉልበትዎ ያሳስበኛል። በሰፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ መመላለሱ ብቻ ሦስት ኪሎ ሜትር ያልፋል። ባጃጁን ተዉና ከአሁኑ ጠዋት ጠዋት ከእማዬ ጋር እስከ ሸዋ በር መስጊድ በእግር ሂዱ። መጀመሪያ ሜዳ ሜዳውን፣ ዳገቱን ኋላ። የሚመች ጫማ ልኬያለሁ፤ የእማዬ ቁጥር 38 መሆኑን ወንድሜ ያረጋግጥልኝ።

ዱዓችሁ አይለየኝ።

ልጅዎ