የቀኑን የአክሲዮን መዋዠቅ ከዓመቱ ቀላቅላችሁ ስለላካችሁልን ቅሬታ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ደብረ ብርሃን የአንድ ዕቁብ ጸሐፊም ነኝ። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የዕቁባችን ወሬ ሁሉ አክሲዮን ሆኗል። "መጀመሪያ እንማር" ብለን ለአሥራ ሁለት አዋጥተን ወርሃዊ ትምህርታችሁን ገዛን።

ባለፈው ወር የላካችሁት ሰንጠረዥ ላይ ሁለት የመለማመጃ አክሲዮኖች አሉ። የአንዱ መዋዠቅ፣ ማለትም ዋጋው ወጣ ወረድ የሚልበት መጠን፣ 2 በመቶ፣ የሌላው 16 በመቶ ይላል። ከሥሩ በደማቅ ቀለም "ረጋ ያለ የሚፈልግ የመጀመሪያውን ይምረጥ" ብላችኋል። ሁላችንም የመጀመሪያውን መረጥን። እኔም ጭምር፣ ያውም የሒሳብ መምህሩ!

ማታ ቤቴ መነጽሬን አድርጌ ሳየው፣ ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል 2ቱ የቀን፣ 16ቱ የዓመት መሆኑ ተጽፏል።

የዕለቱ መዋዠቅ ወደ ዓመት ሲቀየር በቀኖቹ ብዛት አይባዛም። አንድ ቀን የወጣው ሌላ ቀን ስለሚወርድ ከፊሉ ይጣፋል። ስለዚህ የሚባዛው በቀኖቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ነው። አሜሪካኖቹ በዓመት 252 የግብይት ቀን ይቆጥራሉ፤ ስኩዌር ሩቱ 15.87 ነው። የእኛ በዓላት ቀኑን ወደ 240 ቢያወርዱት እንኳ 15.5 ይሆናል። 2 ሲባዛ በ15.87 ወደ 32 ይጠጋል። "ረጋ ያለ" ያላችሁት የሌላውን እጥፍ የሚዘል ነው ማለት ነው።

ስደውል ያነሳችው ልጅ "አባባ፣ ቁጥሩን ሲስተሙ ነው ያወጣው" አለችኝ። በትሕትና ነው ያናገረችኝ፣ በእሷ አልከፋም። ግን ሲስተሙ ያወጣውን አይቶ የሚልክ ሰው የለም?

የደብረ ብርሃንን ብርድ በወር አማካይ ብቻ ለሚያይ ሰው ከተማችን ጭምት ናት፤ ከወር ወር ብዙም አትለወጥም። ታኅሣሥ ላይ ንጋት ውርጭ ረግጦ ቤተ ክርስቲያን የሳመ፣ እኩለ ቀን ላይ ጋቢውን አውልቆ ፀሐይ የሸሸ ሰው ግን ሌላ ያወራችኋል። አክሲዮንም እንዲሁ ነው። በፈረንጆቹ 1987 የአሜሪካው ዳው ጆንስ፣ የትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን ዋጋ መለኪያ፣ በጥቅምት 19 አንድ ቀን ብቻ 22.6 በመቶ ወደቀ። ዓመቱን የዘጋው ግን 2 በመቶ ገደማ ጨምሮ ነው። ዓመቱን ብቻ ያየ ምንም አልሆነም ይላል።

ሌላም አለ። በሦስተኛው ገጽ ያለው አክሲዮን መዋዠቁ ዜሮ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ዋጋውን ሳየው አንዱ ቁጥር ሦስት ሳምንት ሙሉ ተደጋግሟል። ይህ እርጋታ ሳይሆን ገዢና ሻጭ አለመገናኘታቸው ነው። የገበያ ቀን ባልሆነበት ዕለት "የበሬ ዋጋ አልተነቃነቀም" እንደማለት።

የምንጠይቃችሁ፣ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የቀን፣ የሳምንት ወይስ የዓመት መሆኑን፣ ከስንት ወር ዋጋ እንደተሰላም ጻፉ። እርማቱንም ሰንጠረዡን ለላካችሁለት ሁሉ፣ በዚያው በደማቁ ቀለም ላኩ። የዚያን ወር ክፍያ ደግሞ መልሱልን፤ ከአሥራ ሁለታችን ሁለቱ ከእህል ንግዳቸው ቀንሰው ነው የከፈሉት።

ሰንጠረዡን እርማቴን በቀይ እስክሪብቶ ጽፌበት ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የዕቁቡ ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን